አንቱ የተባለው ባል

የእህቴን ባል ፓርኩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። «ባቡሩ» ነው የሚሉት። ዘበኛው፣ አትክልተኛው፣ ጀልባ አከራዩ፣ አለቃው ሳይቀር «ባቡሩ መጣ? ባቡሩ ምሳ በላ?» ይላሉ። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። በዋናው በር ትኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ባቡሯን የሚያቆማትም ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ባቡር ስላችሁ ሐዲድ ያላት እንዳይመስላችሁ። በጎማ የምትሄድ፣ ከፊቷ የባቡር አፍንጫ የተገጠመላት፣ ከኋላዋ ጣሪያ ብቻ ያላቸውን ወንበሮች የምትጎትት የባትሪ መኪና ናት። ልጆች ግን ባቡር ናት ካሉ ባቡር ናት፤ ከልጅ ጋር ማን ይከራከራል?

ጋሼ ረጅም ነው፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ኮፍያውን ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚያዘነብል። ማይክ ካልያዘ ቃል አይወጣውም። ቤት ውስጥ ጨው አቀብለኝ ሲሉት ራሱን ነቅንቆ የሚያቀብል ሰው፣ ማይኩን ሲጨብጥ ሌላ ፍጡር ይሆናል። «በስተቀኝዎ የሚመለከቱት…» ብሎ ከጀመረ ማን ያስቆመዋል! ፓርኩ ሰፊ ነው፣ አንድ ሰፈር ያህላል። እሱ ታዲያ አንዱን ጥግ ሳያስቀር በዚያ ወፍራም ድምፁ ይተርከዋል። አንዳንዱ ሰው ባቡሯ ላይ የሚወጣው ለማየት ሳይሆን እሱን ለመስማት ነው፤ ከመስኮቴ ሆኜ ስንቱን ታዝቤያለሁ።

ባቡሯ ከመምጣቷ በፊት ግን እዚሁ ፓርክ ውስጥ ኖራ ቀቢ ነበር። የዛፎቹን ግንድ እስከ ወገባቸው፣ የመንገዱን ዳር ድንጋዮች ደግሞ ዙሪያቸውን ነጭ የሚቀባው እሱ ነው። ከሥራ ሲወጣ ፀጉሩና ቅንድቡ ነጥቶ ዱቄት ውስጥ የወደቀ ድመት ይመስል ነበር። እህቴ ደግሞ አበባ ከሚበቅልበት የመስታወት ቤት ጀርባ በነበረው የችግኝ ጣቢያ ትሠራ ነበር። አጭር ናት። እኔም ረጅም ነኝ አልልም፣ እሷ ግን ባሰባት። ከችግኞቹ መሀል ቁጢጥ ካለች አትታይም። ስለዚህ «ችግኝ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷም በዋዛ አላለፈችውም፤ አንድ ባልዲ ውሃ ደፋችበት። ኖራው ከነውሃው ልብሱ ላይ ደርቆ እንደ ሰሌዳ ገተረው። ፍቅራቸው የጀመረው በዚህ ነው ይላል።

የመስታወት ቤቱ የኋላ ግድግዳ ሙቅ ነው። ለአበቦቹ ሙቀት የሚሰጠው ቧንቧ በውስጡ ያልፋል፤ በብርድ ቀን እንኳን ጀርባህን ብታስደግፍ እንቅልፍ ይወስድሃል። የሻይ ሰዓት ሲደርስ እዚያ ይገናኙ ነበር። እሱ ከሩቅ «አንቺ ችግኝ! ሰዓት ደርሷል!» ብሎ ይጣራል። እሷ ደግሞ «ወይ! አትጩህ!» ትለዋለች። ለነገሩ ከእሱ ይልቅ የምትጮኸው እሷ ናት። ተጋብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ችግኝ ጣቢያው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ቦታውን ቁጥቋጦ ከዋጠው በኋላ እንኳን፣ ቤታቸው ስሄድ ከጓዳ እስከ ሳሎን ይህንኑ ጥሪ እሰማ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እህቴ ስትናደድ አትጮህም። የምጮኸው እኔ ነኝ፤ ይሄ የተፈጥሮዬ ነው፣ ሐኪምም አላዳነኝም። እሷ ስትናደድ ባሏን አንቱ ትለዋለች። «ምሳዎ ቀርቧል፣ ይብሉ» ካለችው አለቀለት፣ ያን ቀን ቤቱ በረዶ ነው። ጋሼ ታዲያ በነጋታው መስኮቴ ላይ ይደቀናል።

«ዋርሳዬ፣ አንቱ ተብያለሁ።»

«ምን አጠፋህ ደግሞ?»

«የልደቷን ቀን ረሳሁ።»

«አንቱ መባልህ ሲያንስህ ነው!» እለውና መላውን እነግረዋለሁ። ከአትክልተኛው ለምኖ ከተገረዘው አበባ እቅፍ ያደርጋል፣ ይሄዳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወደ «አንተ» ይመለሳል። ሲኖሩ የኖሩት እንዲህ ነው።

እናም አንድ ጠዋት እንደ ልማዱ መጣና አንቱ ተብያለሁ አለኝ። ምን አጠፋህ ስለው ትከሻውን ነቀነቀ፤ አላውቅም። አበባውን ያዘና ሄደ። በማግስቱም አንቱ፣ በሳምንቱም አንቱ። እኔም እህቴን አውቃታለሁ፣ ይሄ ሰውዬ አንድ ትልቅ ነገር ደብቆኛል ብዬ አፈጠጥኩበት። ኧረ በሞትሽ፣ ኧረ አፈር ስሆን ብሎ ማለ። ምስኪን፣ ጥፋቱን ፍለጋ ሐሳብ ገባው። በሩን በኃይል ዘግቼ ይሆን? እግሬን ሳልጠርግ ገብቼ ይሆን? ለሠራውም ላልሠራውም ይቅርታ ሲጠይቅ ከረመ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ሻይ ቀድቶ ሲሰጣት «ይስጥልኝ፣ እንዴት ያሉ ደግ ሰው ነዎት» አለችው። «ባለቤቴ ከሥራ ሲመጣ እነግርልዎታለሁ።»

ይህን ሲነግረኝ መስኮቱን ይዞ ነበር የቆመው። ኩርፊያ አልነበረም ለካ! ስንት ጊዜ ሙሉ ኩርፊያ መስሎን ስንስቅ፣ እህቴ ባሏን ረስታው ኖሯል። ሐኪሙም የመርሳት በሽታ ነው፣ እየባሰ የሚሄድ ነው አለን። እኔን ታውቀኛለች። ልጇንም ቀን እየለየች ታውቃታለች። የጠፋባት እሱ ነው። አንጀቴን በላው።

መጀመሪያ ላይ «አንቺ፣ እኔ እኮ ነኝ» ይላት ነበር። እሷ ታዲያ ትቆጣለች። «ማነው አንቺ ያለኝ? ከየት የመጣ ድፍረት ነው? ባለትዳር ነኝ!» ትላለች። ሲያስደነግጣት ጊዜ ተወው። እሱም አንቱ ማለት ጀመረ። እመቤቴ ይላታል። ባዕድ ወንድ መኝታ ቤት ስለማይገባ ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛ ጀመር፤ ያ ሁሉ ቁመት እዚያች ሶፋ ላይ! ምን ሆነህ ነው ሲሉት ወገቤን ነው ይላል እንጂ አይናገርም። ሰኞ ሰኞ ባቡሯ ጥገና ላይ ስለምትሆን እጁን ኪሱ ከትቶ ይመጣና ፓርኩን በእግር ያዞራታል። እሷም «ሹፌሩ» ትለዋለች። ሹፌሩ ጨዋ ነው፣ ሹፌሩ ብዙ ያውቃል እያለች ታወራልኛለች። ምን ልበላት? አዎ እትዬ፣ ጨዋ ነው እላታለሁ።

አንድ ቀን በሩን ከፍታ ወጣች። ጎረቤቶች አውራ ጎዳና ዳር ቆማ አግኝተው መለሷት። ይህን ጊዜ ወሬው ልጃቸው ጋ ደረሰ። ልጅቷ በሌላ ከተማ ባንክ ቤት ትሠራለች፤ አንዲት ናት፣ ደግሞም ልጅ ማለት እሷ ናት፣ ክፉ ቃል አልናገራትም። በእሁዱ መኪናዋን ነድታ መጣች። ሳሎን ገብታ ሶፋው ላይ የታጠፈውን ብርድ ልብስና ትራስ አየች። ሁሉም ነገር ገባት።

«አባዬ፣ እማዬን ልወስዳት ነው» አለች።

ጋሼ ዝም አለ። ማይክ የለውማ!

«እኔ ጋ ሠራተኛ አለች፣ በሩም ይቆለፋል። አንተ ሥራ ስትሄድ ማን ያያታል? ዛሬ ጎዳና ዳር ተገኘች፣ ነገስ?» ድምፅዋ ተሰባበረ። «ደግሞ አባዬ… እንዳትቀየመኝ። እሷ እኮ አታውቅህም። ከማታውቀው ሰው ጋር መኖር ምን ይጠቅማታል?»

እኔ የማልጮህበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ልጅቷ የምትለው ሐሰት የለበትም። ጋሼ ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየና «ነገ ሰኞ ነው» አለ። «ነገ ሙሉውን ላሳያት። በባቡሯ። ከዚያ ውሰጃት።»

«እሺ አባዬ። ከሰዓት ግን መንገድ እንጀምራለን» አለች ልጅቷ። የእህቴን ሻንጣ አብረን አዘጋጀን። እህቴ «ማነው የሚሄደው?» እያለች ልብሱን በማጣጠፍ አገዘችን።

በማግስቱ ጋሼ አለቃውን ባትሪዋን ላሟሙቃት ብሎ ቢጠይቀው አለቃው ዓይኑን ጨፈነለት፤ እሱም ከኋላዋ አንድ ጋሪ ብቻ ቀጠለላት። እኔ መስኮቱን ለዘበኛው ተውኩና ከእህቴ ጎን ተቀመጥኩ። ልጅቷ ከኋላችን ሆነች። ጋሼ የሥራ ኮፍያውን አደረገ፣ ማይኩን ያዘ፣ ለሦስት ሰው እንደ ሠርግ አዳራሽ ተናገረ።

«የተከበራችሁ ጎብኚዎች! በስተግራዎ የሚመለከቱት ጋላቢ የሌለው ፈረስ ነው። ጋላቢው የት ሄደ ብለው ከጠየቁ፣ ትኬት ሳይቆርጥ ሊያልፍ ሲል በሩ ላይ ያለችው ዋርሳዬ አስወርዳው ነው!»

እህቴ ከት ብላ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ሐውልቱ ሲሠራ ገንዘብ አልቆ ነው ይባላል፤ ሰው ግን የጋሼን ነው የሚያምነው፤ በዚህ ቀልድ የተነሳ ስንቱ ጎብኚ በፍርሃት ነው ትኬት የሚያሳየኝ።

ፏፏቴውን ዞርን፤ ነፋስ ሲመጣ ፊታችንን ረጨን። የአበባ ሰዓቱ ጋ ቆምን። ቁጥሮቹ ከቀይና ከቢጫ አበባ የተተከሉ ናቸው፣ ያምራል፣ ሰዓቱ ግን ልክ ሆኖ አያውቅም። «አበባ አይቸኩልም፣ እናንተም አትቸኩሉ» አለ ጋሼ፤ ይሄንን እንኳን ለልጅቷ ያላት መሰለኝ። ሐይቁ ጋ ስንደርስ ዳክዬዎቹ የሉም። «ዳክዬዎቻችን የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ጉዳይ ይዘህ ስትመጣ አንዳቸውም አይገኙም!» ልጅቷም ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች፤ ቢሮ ነው የምትሠራው።

ይህ ሁሉ ማንም የሚያየው ነው፤ መግቢያው ላይ ያለው ሥዕል ላይም አለ። ከዚያ ግን ባቡሯን አቆመና በእግር ወሰደን። እዚህ ፓርክ ውስጥ ዕድሜዬን ፈጅቼ እኔ ያላየሁትን አሳየን። አሮጌ የብረት አጥር የዋጠ ዛፍ አለ፤ ብረቱ በአንድ ጎኑ ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ ዛፉ እንደ ከንፈር ገጥሞበታል። እህቴ እጇን ዘረጋችና «ያመው ይሆን?» አለች። ሣር መሀል አንድ የብረት ክዳን አለ፤ ጆሮህን ስትደፋበት ከሥሩ የሚሄድ ወንዝ ይሰማል። አራታችንም እንደ ልጅ ተንበርክከን አዳመጥን። ልጅቷ ጉልበቷን ሳታራግፍ ነው የተነሳችው።

ቀጥሎ ትንሹ ድልድይ ሥር ወሰደን። እዚያ ሥር ቆመህ ስትናገር ድምፅህ ይመለሳል።

«አንድ ቃል ይበሉ እመቤቴ» አላት ጋሼ።

እህቴ አፍራ አፏን ሸፈነች። ከዚያ ጠጋ ብላ ወደ ድንጋዩ «ማነህ?» አለች።

«…ነህ?» አለ ድልድዩ።

«ውይ! ጥያቄዬን መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ!» ብላ ተንከተከተች። ጋሼም ሳቀ፤ ግን ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «ድልድዩን እንኳን አንተ አለችው» አለኝ። በድልድይ የሚቀና ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ማረፊያ የመስታወት ቤቱ ነበር። ውስጡ በአበባ ሙቀት ታፍኖ መነጽሬን ጉም አለበሰው። ከወጣን በኋላ እህቴን በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጥናት። ከዚህ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይበርደኛል። የልጅቷ ስልክ ጠራ፤ መሥሪያ ቤቷ ነው፣ ዘወር አለች። እኔ ውሃ ልግዛ ብዬ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ጋሼ ባቡሯን ሊያዞር ሄደ። እኔ ልጅቷ አለች ብዬ፣ ልጅቷ አባቴ አለ ብላ፣ እሱ ሁለቱ አሉ ብሎ። ስንመለስ ወንበሩ ባዶ ነው።

«እትዬስ?» አልኩ።

«ካንቺ ጋ አልነበረችም?» አለች ልጅቷ።

ጉድ ፈላ! ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለና «ሐይቁ!» ብላ እግሬ አውጪኝ አለች። ጫማዋን አውልቃ ነው የሮጠችው። እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ፤ ዘበኛውን አንዲት አጭር ሴትዮ ብታልፍህ አንተን ነው የምጠይቀው አልኩት። ሰውየው ደንግጦ በሩን ጭራሽ ቆለፈው፤ ውጪ የቆሙት ሰዎች ቢጮኹ አልሰማ አለ። ጋሼ ድብቅ ቦታዎቹን በእግሩ አዳረሰ። ዛፉ ጋ፣ ክዳኑ ጋ፣ ድልድዩ ሥር። «እመቤቴ! እመቤቴ፣ የት ነዎት?» እያለ ሲጣራ ከወዲያ ማዶ ይሰማኝ ነበር።

ተመልሰን መስታወት ቤቱ ጋ ተገናኘን። ልጅቷ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ጀልባ አከራዩ ማንንም አላየሁም ብሏታል። «አየህ አባዬ? አየህ?» አለችው። እሱም አየ። ሐሞቱ ሲፈስ በዓይኔ አየሁ። ትከሻው ወረደ።

«ጀርባውንስ አይተሃል? የድሮውን ቦታ?» አልኩት።

«ሄጃለሁ። ቁጥቋጦው ዘግቶታል፣ መግቢያ የለውም። እመቤቴ፣ እዚያ ነዎት ወይ ብዬ ደጋግሜ ተጣርቻለሁ። መልስ የለም።»

ከዚያ ማይኩን አነሳ። የባቡሯ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ሲጥ አለ።

«የተከበሩ እመቤት! የትም ቢሆኑ ባሉበት ይቆዩ። ሹፌሩ ነኝ። እባክዎን ድምፅዎን ያሰሙን…»

ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ። ያን ቀን እንኳን አልጮህም ብዬ ነበር፤ ተፈጥሮ አይለቅማ! ማይኩን የያዘበትን እጁን ያዝኩት።

«አንተ ሰውዬ! አብደሃል እንዴ? ማነው እመቤት? ማነው ሹፌር? ይህን አንቱ አንቱህን ተውና ሚስትህን ጥራ! እንደ ድሮህ ጥራት!»

«ትደነግጣለች እኮ…» አለኝ።

«ትደንግጥ! ካጣናት ትደንግጥ!»

አየኝ። ኮፍያውን ወደ ግራ አዘነበለ። ማይኩን አፉ ላይ ሳይሆን ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ድሮ ማይክ ሳይኖረው እንደሚጮኸው ሊጮህ ነው።

«አንቺ ችግኝ! የት ገባሽ? ሰዓት ደርሷል!»

ድምፁ በመስታወቱ ሁሉ ላይ አለፈ። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች ዞረው አዩን። ልጅቷ እጄን ጨበጠች።

«ወይ!» አለ አንድ ድምፅ ከመስታወት ቤቱ ጀርባ። «እዚህ ነኝ! አትጩህ!»

ጋሼ ማይኩን የት እንደጣለው አላውቅም። መግቢያ የለውም ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ ኮፍያው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኛም እየተቧጨርን ተከተልነው። እዚያ የተሰባበሩ የሸክላ ማሰሮዎች፣ የዛገ ባልዲ፣ ሣር የበላው የችግኝ መደብ አለ። እህቴ ጀርባዋን ሙቁ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አሰልፋዋለች። በየት በኩል እንደገባች እስከዛሬ አልገባኝም፤ አጭር መሆን ይጠቅማል መሰለኝ።

«የት ቆየህ?» አለችው። ቆየህ! «ስጠብቅህ ስጠብቅህ ወገቤ ተቆረጠ!»

ጋሼ አጠገቧ ቁጭ አለ፣ ጀርባውን እንደሷ አስደገፈ።

«እትዬ፣ ስንጠራሽ አልሰማሽም?» አልኳት እኔ፣ እምባዬን በመዳፌ እየጠረግኩ።

«ማን ጠራኝ? አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ነው እንጂ እመቤቴ፣ እመቤቴ እያለ በዚያ በኩል ሲዞር የነበረው። እመቤቱ ጠፍታበት መሰለኝ።» ራሷን ነቀነቀች። «አሳዘነኝ። ግን ለማላውቀው ሰው አቤት አልል!»

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞር ብላ ፊቱን አየችውና ግንባሯን ቋጠረች። «አንተ ደግሞ! ዛሬም ሳትታጠብ መጣህ? እስቲ እየው ፀጉሩን፣ ኖራ በኖራ ሆኗል!»

በእጄ የያዝኩትን የውሃ ጠርሙስ ተቀበለችኝ። የሻርፗን ጫፍ አረጠበችና የባሏን ፀጉር ማሸት ጀመረች። ጆሮ ግንዱን፣ ግንባሩን፣ ቅንድቡን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን አንገቱን ሰጣት።

«አይለቅም» አለች ጥቂት ቆይታ።

«ደርቆ ነው» አላት ጋሼ። «ተይው፣ ነገ ታጥቤ እመጣለሁ።»

«ነገም እንዲሁ ነው የምትለኝ» አለችና ማሸቷን ቀጠለች።

ልጅቷ እዚያው የተሰባበረው ሸክላ ላይ ተቀመጠች። ድምፅ ሳታሰማ ነው ያለቀሰችው።

እንግዲህ ተረት ባወራ እህቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏን አወቀችው እላችሁ ነበር። አላወቀችውም። ገና ባቡሯ ላይ ሳንደላደል «እርስዎ፣ እባክዎን ቀስ ብለው ይንዱት» አለችው። ጋሼም «እሺ» አለ። ግን ፊቱ በርቷል። አትክልተኛውን ሲያይ ባቡሯን አቁሞ «ሰደበችኝ! ሳትታጠብ መጣህ ብላ ሰደበችኝ እኮ!» አለው፤ ሰውየው ምን ይበል? እንኳን ደስ ያለህ አለው።

ቤት ስንደርስ ልጅቷ የመኪናዋን ኋላ ከፈተች። ልብሶች ሊጨመሩ ነው ብዬ ነበር፤ ጠዋት የጫነችውን ሻንጣ አውርዳ ይዛው ገባች።

«አክስቴ» አለችኝ ጓዳ ገብተን፣ «እኔ አባዬን ረስታዋለች ብዬ ነበር። እየጠበቀችው ነው እኮ። ከምትጠብቅበት ቦታ እንዴት አድርጌ ልውሰዳት?» ከዚያ ወዲያው የባንክ ቤት ሰው ሆነች። «ግን ብቻዋን አንድ ደቂቃ እንዳትቀር! ማን ነው የሚይዛት? ቃል ግቡልኝ!»

ማን ይሆናል? እኔ ነኛ። ለብቻዬ ነው የምኖረው፣ ያለኝም አንድ ድመት ነው። ልብሴንና ድመቴን ሰብስቤ ቤታቸው ገባሁ። ሌሊት ከእህቴ ጋር መኝታ ቤት እተኛለሁ፤ ለጋሼ ደግሞ ልጅቷ ቁመቱን ለክታ ሰፊ አልጋ ገዝታ ሳሎን አስገባችለት። ቀን ቀን ሦስታችንም ፓርክ ነን። እህቴ ትኬት ክፍሏ ውስጥ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ መልስ ትሰጥልኛለች፣ ልጅ የያዘ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሳላያት በነፃ ታሳልፍብኛለች። ልጅቷም በቻለች ቁጥር እየነዳች ትመጣለች።

ጋሼ አንቱ ማለቱን ትቷል። የሻይ ሰዓት ሲደርስ ከባቡሯ ላይ፣ ሰው ሞልቶም ቢሆን፣ በማይኩ «አንቺ ችግኝ! ሰዓት ደርሷል!» ይላል። አንዳንድ ቀን፣ አልፎ አልፎ፣ እህቴ የያዘችውን ጥላ «ወይ! አትጩህ!» ትላለች። ያን ቀን ጋሼ ከባቡሯ የሚወርደው እየዘለለ ነው። አብዛኛውን ቀን ግን ቱግ ትላለች።

ትናንትም እንዲሁ ሆነ። ክርኔን ጎሸም አደረገችኝ።

«ይሄ ሹፌር ግን በዛ! በሕዝብ ፊት አንቺ ይለኛል!»

«እውነትሽን ነው እትዬ፣ ስድ ነው» አልኳት። «ለአለቃው ልንገርና ሌላ ሹፌር ይምጣልሽ?»

በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየችው። እሱ ኮፍያውን እንዳዘነበለ መልሷን ይጠብቃል። ትንሽ አሰበች።

«ተይው፣ ይሁን» አለችኝ። «ድምፁን ለምጄዋለሁ።»